ምሰሶው አንድ ቀዳዳ ወደ ፊት

ዳውድ ዋና አይችልም ነበር። ይህን የሚያውቁት እሱና ሚስቱ ኒዕማ ብቻ ናቸው። ዕድሜውን ዓባይ ዳር የፈጀ፣ እግሩ ከውሃ የማይወጣ፣ የሰው ልጅ በጀልባ እየጫነ የሚያንሸራሽር ሰው ዋና አይችልም ቢባል ማን ያምናል? ስለዚህ ማንም አልጠረጠረም፤ እሱም አፉን ዘግቶ ኖረ።

ነገሩ የተጀመረው ካርቱም በገባበት ዓመት ነው፤ በፈረንጆቹ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠናዎቹ ሲጀምሩ። ጀሪፍ ከሚባለው ሰፈር አጠገብ ሀብታሞች ዓርብ ዓርብ በሸራ ጀልባ የሚጫወቱበት ክበብ አለ። ጀልባ የሚያወጣና የሚያስገባ ሠራተኛ ይፈልጋሉ ሲባል ሰማና ሄደ። "ከየት ነህ?" አሉት። "ከወሎ፣ ከሐይቅ።" "እሱ ደግሞ ምንድነው?" "ትልቅ ውሃ ያለበት አገር ነው።" "እንግዲያው ዋና ትችላለህ ማለት ነው።" "አልሐምዱሊላህ" አለ ዳውድ። አዎም አላለ፣ አይም አላለ። የተወለደው ከሐይቁ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ነው። ሐይቁ አንድ ወንድሟን ስለበላባት እናቱ ልጆቿን ለአንድ ቀን እንኳ ወደ ዳርቻው አውርዳ አታውቅም። ዳውድ ሐይቁን የሚያውቀው ከሩቅ በማየት ብቻ ነበር።

ሥራውን ያስተማረው ረይስ ኢሳ የሚባል ሽማግሌ ሱዳናዊ ነው። "ረይስ" የጀልባ አለቃ ማለት ነው። ኢሳ ጥርሱ አልቆ፣ ጉልበቱ ከድቶት፣ አፉና ዓይኑ ብቻ የቀሩለት ሰው ነበር፤ በሁለቱ ግን ክበቡን ሁሉ ያዝዝ ነበር። አንድ ቀን አጭር ሳንቃ አመጣና መሃሉን በረጅም ምስማር መሬት ላይ ቸነከረው።

"ይህቺ ጀልባዋ ናት" አለው። "ምስማሩ ደግሞ ከሆዷ ሥር የምናወርደው ብረት ነው። ውሃው ጨብጦ የሚይዛት እዚያ ጋ ነው። አንተ ነፋሱ ነህ። ከጎኗ ቁምና ጭራዋን ግፋት።"

ዳውድ ገፋ። የሳንቃዋ ፊት ወደ እሱ ዞረ።

"አሁን ፊቷን ግፋት።"

ገፋት። ፊቷን አዙራ ሸሸችው፤ ጀርባዋን ሰጠችው።

"በቃ፣ ትምህርቱ ይኼ ነው" አለ ኢሳ። "የሸራው ጉልበት ከምስማሩ ወደ ኋላ ያደላ ከሆነ፣ መሪውን የለቀቅህ ለት ጀልባዋ ፊቷን ወደ ነፋስ አዙራ ቀጥ ትላለች። ሸራው ይርገበገባል እንጂ አይጎትታትም። ወደ ፊት ካደላ ግን እጅህን ስታነሳ ጀርባዋን ለነፋስ ሰጥታ ትበራለች። ወድቀህ ቢሆን እንኳ ዞር ብላ አታይህም።"

"ልክ መሃል ላይስ ቢሆን?"

"መሃል ላይ ስትሆን ፈጣን ናት፣ እጅ ላይ ትቀላለች፣ አባላቱ ይወዷታል። እኔ ግን አላምናትም። ጀልባ ትንሽ ወደ ነፋሱ ልትሄድ እያለች እጅህን መጎተት አለባት። መጎተቷ ይሰለችህ ይሆናል። አንድ ቀን ግን ነፍስህን የሚያተርፈው እሱ ነው።"

የክበቡ ጀልባዎች ከላሜራ የተሠሩ ከባድ ነገሮች ነበሩ። ሸራው የሚሰቀልበት ምሰሶ እግሩ የሚቀመጥበት ብረት ላይ ቀዳዳዎች በተርታ ተበስተዋል። ምሰሶው አንድ ቀዳዳ ወደ ኋላ ሲሄድ ሸራው ሁሉ አብሮት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ አንድ ቀዳዳ ወደ ፊት ሲመጣ አብሮት ወደ ፊት ይመጣል። ኢሳ ጀማሪ የሚይዛቸውን ጀልባዎች ሁልጊዜ በኋለኛው ቀዳዳ ያስር ነበር። ሲሞት ሥራውም ልማዱም ለዳውድ ተላለፈ። አባላቱም ልጆቻቸውን ያለ ስጋት ለዳውድ ይሰጡት ጀመር።

ከሥራው ጋር የመጣ አንድ ትልቅ ነገር ነበር። ክበቡ ግቢ ውስጥ፣ ከሸራው ማከማቻ ጀርባ፣ አንዲት ክፍል ተሰጠችው። ኒዕማ ቀን ቀን ዐማራት በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች፣ ማታ ወደ ክፍሏ ትመለሳለች። ሁለት ሴት ልጆቻቸው እዚያው ተወለዱ፤ አማርኛቸው የተሰባበረ፣ ዐረብኛቸው ግን እንደ ውሃ የሚፈስ። ኢቃማቸውን፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸውን ማለት ነው፣ በየጊዜው የሚያሳድስላቸውም ክበቡ ነው። ሳጃና ሰፈር ያሉ ወገኖቻቸው ከሻ መጣ በተባለ ቁጥር፣ አፈሳው ሲጀመር፣ ከአልጋ ሥር ሲገቡና በአጥር ሲዘሉ፣ ዳውድና ኒዕማ በራቸውን ዘግተው ይተኙ ነበር። ስደተኛ ሆኖ በሩን ዘግቶ የሚተኛ ሰው ምን ያህል እንደታደለ የሚያውቀው በር የሌለው ብቻ ነው። ኒዕማ ያቺን ክፍል እንደ ሦስተኛ ልጇ ትወዳት ነበር።

አያሌው የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሳጃና ሻይ ቤት ያላት ስንቅነሽ ናት የላከችው። "ጎረምሳ ነው፣ የጣና ዳር ልጅ ነው፣ በመተማ አድርጎ ገብቶ እዚህ እንደ ዕቃ ተደርድሮ ያድራል፤ እባክህ አንድ ነገር ፈልግለት" ብላ። ዳውድ አባላቱን ለመነለት። መጥፎ ሰው አልነበረም፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ልጁን ከራሱ ማዕድ አበላው፣ ኒዕማም ልብሱን አጠበችለት። አያሌው ጋሽ ዳውድ ከማለት በቀር ስሙን ጠርቶት አያውቅም።

ያስተማረውም አንድ ሁለት ነገር ነበር። "የፈራህ ለት መሪውንም የሸራውን ገመድም ልቀቅ። ጀልባዋ ራሷ ፊቷን ወደ ነፋስ አዙራ ትቆምልሃለች። ሰው ከወደቀ ደግሞ ዘለህ አትግባ፤ ባዶ ጀልባ ይዞት የሚመጣ የለም። ከነፋሱ በታች በኩል ጠጋ በለውና ልቀቅ፤ አጠገቡ ቀጥ ትላለች፣ እጅህን ዘርግተህ ታወጣዋለህ።"

አያሌው ይህን እንደ ዳዊት ደገመው። እጁ ለመሪ ገና ደንዳና ነበር፣ ገመዶቹን ሁሉ ያምታታል። ውሃ ውስጥ ሲገባ ግን ሌላ ሰው ነው። ጠልቆ የሰው መነጽር ያወጣል፣ የወደቀ ቀለበት ያወጣል። የክበቡ ሊቀ መንበር አብዱልወሃብ ይህን ያየ ለት ልቡ ጠፋ። አብዱልወሃብ የሲሚንቶ ነጋዴ ነው፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ተሳሊ የሚሉትን የሐብሐብ ፍሬ ቀኑን ሙሉ ሲቆረጥም የሚውል ሰው። የመኪናውን ቁልፍ ሆነ ብሎ ወደ ወንዙ ይወረውርና "ያላ፣ ያ ሐበሺ፣ አምጣ!" ይላል። አያሌው ዘሎ ይገባል። እንግዶቹ ያጨበጭባሉ። አንድ ጊዜ ቁልፉን ለማግኘት ብዙ ቆይቶ አፍንጫው ደም እያፈሰሰ ሲወጣ አብዱልወሃብ እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

ዳውድ ከጀልባው ማሰሪያ ላይ ሆኖ ይህን ያያል። መጀመሪያ አዘነለት። ሲውል ሲያድር ግን ሌላ ስሜት ገባው። አባላቱ "አያሌው የት አለ?" ማለት ጀመሩ። ዳውድን የሚጠራ ቀነሰ። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ፍርሃትም ነበረበት፤ ቁልፉ አንድ ቀን ወደ ውሃው ተወርውሮ "ያ ዳውድ፣ ዛሬ አንተ አምጣ" የተባለ እንደሆነ ምን ይውጠዋል?

ከዚያ ያ ክረምት መጣ፤ ሰሜኑ ነፋስ የሚነፍስበት የካርቱም ብርዳማ ወራት። አብዱልወሃብ ሁለቱን ጠራቸው። ክበቡ ከእንግዲህ አንድ የጀልባ ሠራተኛ ብቻ ይበቃዋል አለ።

"ማንን ላስቀር፣ ማንን ላባርር ብዬ ራሴን አላዞርም" አለና የፍሬውን ቅርፊት እንትፍ አለ። "የሠራተኞች ውድድር ደርሶ የለ? ሁለታችሁ ትወዳደራላችሁ። ያሸነፈ ይቀራል። የተሸነፈ ሻንጣውን ይይዛል። እኛም እንዝናናለን።"

የሠራተኞች ውድድር የክበቡ የቆየ ጨዋታ ነው። የብርዱ ወራት ሲያበቃ አባላቱ ዘበኛውን፣ ወጥ ቤቱን፣ አትክልተኛውን በየጀልባው ላይ ይጭኑና ሲገለበጡ ያያሉ። እንዲያምርላቸው ረጅም ነጭ ጀላቢያ ያለብሷቸዋል። የመንሳፈፊያ ሰደርያ ግን አይሰጧቸውም፤ እሱ ለአባላት ነው። እስከዚያ ዓመት ድረስ ዳውድ ከዳር ሆኖ አዘጋጅ ነበር እንጂ ተወዳዳሪ ሆኖ አያውቅም።

ማታ ለኒዕማ ነገራት። እሷ የሚያለቅስ ዓይነት ሰው አይደለችም። ልጆቹን አየቻቸው፣ ግድግዳውን አየችው።

"ታሸንፈዋለህ?"

"እኔ እሻላለሁ። ግን ነፋስ ነው፤ ምን ይታወቃል?"

"ከተሸነፍክ በማግሥቱ ሳጃና ነን። ከዚያ ከሻ ሲመጣ እኔ ከነዚህ ልጆች ጋር በየትኛው አጥር ነው የምዘለው?" አለችው። "ስለ ጀልባ አላውቅም። ይህን ግን እወቅልኝ።"

ውድድሩ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ አያሌው ጀልባውን እየጎተተ መጣ። ፈገግ ብሎ ነበር።

"ጋሽ ዳውድ፣ የኔንም እርስዎ ያሰናዱልኝ። ምሰሶውን እኔ አላውቅበትም። ገልብጬ አስሬው እንዳልዋረድ።"

"ልታሸንፈኝ ነው በኔ እጅ?" አለ ዳውድ እየቀለደ።

"ኧረ እኔ እርስዎን! ሳልገለበጥ ከደረስኩ ይበቃኛል።" ይህን ብሎ ዳቦ ሊገዛ ሄደ።

ዳውድ መፍቻውን አነሳ።  የምሰሶውን እግር ከኋለኛው ቀዳዳ ነቀለና አንድ ቀዳዳ ወደ ፊት አሰረው። ምሰሶውን ከፊት የሚይዘውን ሽቦ አጠበቀና ምሰሶውን ወደ ፊት አዘነበለው። ከዚያ ትንሹን የፊት ሸራ ፈትቶ ትልቁን አሰረ። ከሩቅ የሚያይ ሰው ምንም አይታየውም። ጀልባዋ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሌላ ጀልባ ሆናለች። እጅ የለቀቃት ለት አትቆምም፤ ጀርባዋን ሰጥታ ትበራለች።

ምን ቸገረው፣ ዋና ይችላል፤ ይህን ለራሱ ነገረው። ይፈራል፣ ይለቃል፣ ጀልባዋ ዞራ ትጥለዋለች፣ ይስቁበታል፣ እሱም እየዋኘ ይወጣል። ቢበዛ ይረጥባል። ጎረምሳ ነው፣ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ ሌላ ሥራ ያገኛል። ዳውድ ይህን ደጋግሞ ለራሱ ነገረው፣ ራሱም ተቀበለው።

አያሌው ዳቦውን ቆርሶ ግማሹን ሰጠው። "ዝግጁ ናት?"

"ዝግጁ ናት።"

"ከፈራሁ እለቃለሁ፣ አይደል?"

ዳውድ ዳቦውን አላመጠ። ያን ጊዜ ምላሱን ማንም አልያዘበትም ነበር። "አዎ" አለ፣ "ልቀቅ።"

ዓርብ ከሶላት በኋላ ዳርቻው ሞላ። አባላቱ ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው ወንበር ደርድረው ተቀመጡ። ነፋሱ ከማዶ፣ ባሕሪ ከሚባለው ሰፈር በኩል ወደ ክበቡ ይነፍሳል፤ ወንዙን በአግድም ያቋርጠዋል። ውድድሩ ወንዙን ይዞ ሽቅብ ሄዶ በርሜሉን ዞሮ መመለስ ነው። ሁለቱም ነጭ ጀላቢያ ለብሰዋል። ሲነሱ አብዱልወሃብ በአፉ የጥይት ድምፅ አሰማ።

ዳውድ ወዲያው ቀደመ። ጀልባዋ እንደ ልማዷ እጁን ትንሽ ትጎትተዋለች። ልቡ ግን ፊቱ ያለው ውሃ ላይ አልነበረም፤ ደጋግሞ ዞር እያለ አያሌውን ያያል። አሁን ይለቃል፣ አሁን ይለቃል። አያሌው ግን አልለቀቀም። ጀልባዋ ወደ ክበቡ ዳርቻ ልትሸሽ ስትታገል እሱ በሁለት እጁ መሪውን ጨብጦ፣ ጥርሱን ነክሶ ይመልሳታል። ቁልፍ ፍለጋ ያጠነከረው ክንድ ነው። ትልቁ የፊት ሸራ ደግሞ እያፈጠናት ይደርስበት ጀመር።

ዳውድ ወሽመጡ ተቆረጠ። በራሱ እጅ አፍጥኖታል! በደንብ ለማየት ከመቀመጫው ተነሳና ቆመ። ስንቱን ጀማሪ "ጀልባ ላይ አትቁም" ብሎ የገሠጸ ሰው ቆመ። በዚህ መሃል ኃይለኛ ነፋስ መጣ። መሪው ከእጁ ወጣ፣ ጀልባዋ እንደተሠራችበት ፊቷን ወደ ነፋሱ አዞረች፣ የሸራው አግድም ብረት ተወርውሮ መጣና ትከሻውን መታው። ጀልባዋ ውስጥ ከነበረ አንድ መቅዘፊያ ጋር ተያይዞ ወንዙ ውስጥ ገባ።

ውሃው ቀዘቀዘው፣ አፉን ሞላው። ጀላቢያው አየር ይዞ ተነፋና ለጊዜው አንሳፈፈው፤ መቅዘፊያውንም በሁለት ክንዱ አቀፈ። ቀና ሲል ጀልባውን አያት። ኢሳ እንዳለው፣ ፊቷን ወደ ነፋስ አዙራ፣ ሸራዋን እያርገበገበች ቀጥ ብላ ቆማለች። ዋና ለሚችል ሰው ሁለት ሦስት ቅዝፈት ናት። ዳውድ እግሩን አወራጨ። ወደ እሷ አልቀረበም፤ ጀላቢያው አየሩን እየተፋ ይከብድ ጀመር። ጀልባውን እያየ ሊሰምጥ ነው።

ከዳርቻው ሳቅ ተሰማ። የሐይቅ ልጅ ነው፣ ዋናተኛ ነው፤ እያስመሰለ እየቀለደላቸው መሰላቸው። ሴቶቹ ጭምር አጨበጨቡ። "ያ ዳውድ! ዋኝ እንጂ!" ይላል አብዱልወሃብ፣ አፉ በፍሬ ተሞልቶ። ዳውድ "ዋና አልችልም" ሊል አፉን ከፈተ፤ የገባው ውሃ ነው።

አያሌው ግን ቀልድ አልመሰለውም። ውድድሩን ትቶ ዞሮ መጣ። እንደተማረው ከነፋሱ በታች በኩል ተጠጋ፣ እንደተማረው ዘሎ አልገባም። ዳውድ ፊቱን አየው፤ ልጁ "አይዞዎት ጋሽ ዳውድ፣ ደረስኩ!" እያለ ነው። ከዚያ መሪውንም ገመዱንም ለቀቀ፣ ሊይዘውም እጁን ዘረጋ።

ጀልባዋ ፊቷን አላዞረችም። ጀርባዋን ሰጠችው። የተዘረጋው እጅ ከዳውድ ራስ በላይ አልፎ ሄደ፣ ጀልባዋም ወደ ክበቡ ዳርቻ በረረች።

አያሌው ግራ ተጋብቶ መሪውን ያዘ፣ ታገላት፣ መለሳት፣ እንደገና መጣ። አሁንም ከታች ተጠጋ። አሁንም ለቀቀ። ዳውድ "አትልቀቅ!" ሊለው ፈለገ፤ በሕይወቱ አንድ ቃል እንዲህ ፈልጎ አያውቅም። ቃሉ ግን ከውሃው በታች ቀረ። ጀልባዋ ለሁለተኛ ጊዜ ጀርባዋን ሰጥታው ሄደች። በዚህኛው ሸራው በድንገት ጎን ለወጠና ብረቱ አያሌውን ግንባሩ ላይ መታው። ልጁ ጀልባዋ ውስጥ ወደቀ፣ ጀልባዋም ይዛው በርራ አባላቱ ከተቀመጡበት ወንበር ሥር ጭቃው ላይ ተሰካች።

ዳውድን ያወጣው ከማዶ እየቀዘፈ የደረሰ አንድ ዓሣ አጥማጅ ነው። በጀላቢያው ማጅራት ይዞ ጎትቶ እንደ ዓሣ ጀልባው ላይ ጣለው። ያን ጊዜ ነው ክበቡ ሳቁን ያቆመው።

ሳቁ ሲቆም ቁጣው ተነሳ። ያፈሩ ሰዎች ናቸውና የሚቆጡት ሰው ይፈልጋሉ። ዳውድ መዋኘት ያቃተው ብረቱ ትከሻውን ስለመታው ነው አሉ። ሁሉም በዓይናቸው አይተዋል፦ ሐበሻው ወደ ባልደረባው ሁለት ጊዜ ተጠጋ፣ ሁለቱንም ጊዜ ጀርባውን ሰጥቶት ወደ ዳርቻ ሸሸ። እንደዚያ የሚዋኘው ልጅ ዘሎ አልገባም። ለምን? ሥራው እንዲቀርለት ነዋ! አንዱ በጫማው መታው፣ ሌላው ጨመረለት። አያሌው ግንባሩ እየደማ "ለቀቅኳት! እኔ ለቀቅኳት!" ይላል፤ በአማርኛ ነው የሚጮኸው፣ የሚሰማው የለም። ፖሊስ ተጠራ።

ዳውድ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ አብዱልወሃብ ፊቱ መጥቶ ቆመ። ፖሊሱም አብሮ ቆመ። 

"በአላህ ስም ንገረን። ሊያድንህ ነበር ወይስ ትቶህ ሄደ?"

ዳውድ ኒዕማን በሰዎቹ መሃል አያት። ሁለቱን ልጆች በእጇ ይዛለች። ከኋላዋ የክፍላቸው በር ይታያል። ምሰሶውን ያዛወርኩት እኔ ነኝ ብሎ ቢናገር ያ በር የማን ይሆን?

"መጣ" አለ። "ከዚያ ተመልሶ ሄደ።"

አንድ ቃል ሐሰት የለበትም። ፖሊሱ አያሌውን እጁን አሰረው። አብዱልወሃብ ዳውድን ጀርባውን መታ አድርጎ "ክፍልህ ያንተው ናት፤ አንተ ታማኝ ሰው ነህ" አለው።

ቦክሲው፣ የፖሊሱ ፒክአፕ፣ ሊነሳ ሲል አያሌው አንድ ነገር ለመነ፤ ጋሽ ዳውድን ልይ። አመጡት። እጁ ታስሯልና ተንበርክኮ ግንባሩን ዳውድ ጉልበት ላይ አደረገ። ደሙ ብርድ ልብሱን ነካው።

"ጋሽ ዳውድ፣ እንዳስተማሩኝ ነበር የለቀቅኳት። እንዴት እንደሆነ አላውቅም። እጄ ነው መሰለኝ፣ ፈርቼ ሳልለቅ ቀርቼ ይሆናል፣ አላውቅም። ላስገድልዎ ነበር። ወላዲተ አምላክ ምስክሬ ናት፣ ሆን ብዬ አይደለም። ይቅር ይበሉኝ።"

ዳውድ የልጁን ፀጉር አየ፤ ጭቃና ውሃ ነው።  ዙሪያውን ሁሉም ያያሉ። እጁን አንሥቶ የልጁ ራስ ላይ አደረገ።

"ይቅር ብዬሃለሁ" አለው።

አባላቱ ይህን ሲያዩ ልባቸው ተነካ። አንዲት ሴት አለቀሰች። አያሌው የዳውድን ጉልበት ስሞ እየተነሳ "እግዜር ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ" እያለ መኪናው ላይ ወጣ። ከዚያ ታስሮ፣ ከዚያ በመተማ በኩል ተባሮ አገሩ ገባ ተባለ።

ሰው ከተበተነ በኋላ ዳውድ ጭቃው ላይ ወደተሰካችው ጀልባ ሄደ። ልብሱ ገና አልደረቀም። መፍቻውን ይዞ የምሰሶውን እግር አንድ ቀዳዳ ወደ ኋላ መለሰ፣ ሽቦውን አላላ፣ ትልቁን የፊት ሸራ ፈትቶ ትንሹን አሰረ። ሲጨርስ ቀና አለ። ኒዕማ የሸራው ማከማቻ በር ላይ ቆማ ታየዋለች። ስለ ጀልባ አታውቅም። መፍቻ ግን ታውቃለች፣ ባሏንም ታውቃለች።  ወደ ውስጥ ገባችና በሩን ገርበብ አደረገችው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አለፈ። አብዱልወሃብ ሞተ፣ ሌላ ሊቀ መንበር መጣ። ድልድዮች ተሠሩ፣ ከወንዙ ዳር ፎቅ በቀለ። ዳውድ ረይስ ተባለ። ጀማሪዎችን እስካሁን ያስተምራል፤ ሳንቃና ምስማር ያመጣል፣ ጭራዋን ግፋት፣ ፊቷን ግፋት ይላል። "የፈራችሁ ለት ልቀቁ" የሚለውን ግን ራሱ አይናገርም። የሚናገርለት ሌላ ሰው ያስጠራል። ዋናም እስካሁን አይችልም።

ባለፈው ዒድ ስንቅነሽ ከሳጃና መጣች። አገር ቤት ደርሳ መመለሷ ነው። ኒዕማ ሻይ ቀዳችላት።

"አያሌውን አገኘሁት" አለች ስንቅነሽ። "ያንን ያንተን ልጅ። ባሕር ዳር ነው። ጣና ዳር እየኖረ ጀልባ ላይ እግሩን አሳርፎ አያውቅም፣ ውሃም አይገባ። 'እጄ ሰው ሊገድል ነበር' ይላል። አሁንም በእንቅልፉ 'ለቀቅኳት' እያለ ይጮኻል አለችኝ ሚስቱ። አንተን ግን ሲያነሳህ ብታየው! ልጅ ወልዷል፣ ወንድ። ዳዊት አለው። 'የኛ ዳዊት የእነሱ ዳውድ ነው፤ ይቅር ባለኝ ሰው ስም ነው' አለኝ። ሰላምታውን ልኮልሃል። አሁን ልደውልለት ነው፤ ምን ልበልልህ?"

ኒዕማ የሻይ ማንኪያውን አስቀመጠች። ቀና ብላም ባሏን አየችው። ያን ሁሉ ዓመት አንድም ቀን እንዲህ አይታው አታውቅም። አትቆጣውም፣ አትለምነውም፤ ብቻ ትጠብቃለች። ልጆቹ አድገዋል፣ አንዷ ተድራለች። ያቺ ክፍል አሁን ብትወሰድ የሚሞትላት የለም።

ዳውድ የሻዩን ብርጭቆ በሁለት እጁ ያዘው። ሞቀው።

"ይበርታ በይልኝ" አለ። "አላህ ያሳድግለት።"

ኒዕማ ተነሳችና ብርጭቆዎቹን ሰበሰበች። የሱን ሳይጠጣው ወሰደችበት።